ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው

ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቅሁት ደርግ በወደቀ ማግስት፣ መካኒሳ ውስጥ በአንድ የኪራይ ቪላ ነው። ቪላውን የተከራየው ድርጅት በጦርነት የተበታተኑ ሰዎችን ከቤተሰባቸው ጋር ያገናኝ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ የወረቀት ካርቶኖች፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ የጠፋ ልጁን የሚጠይቅ ሕዝብ። እኔ የተማርኩት ታይፕ ነው። ኮምፒውተር ማለት ለእኔ ቴሌቪዥን የተገጠመለት የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ከዚያ በላይ እንዳውቅ የጠየቀኝም አልነበረም።

ሥራውን የፈለግሁት ግን ለደመወዙ ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ጠፍቶብን ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። የሰፈራችን ልጆች መንግሥት ሲገለበጥ አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ አንዳንዱ በክራንች ተመለሱ። የእኛው ልጅ አልመጣም። ሞተ የሚል ሰውም አልመጣም። አባቴ ለጠየቀው ሁሉ "መንገድ ላይ ነው" ይል ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜውን የጨረሰው አሰብ ሲመላለስ ስለሆነ "መንገድ ላይ ነው" ሲል የማጽናኛ ወሬ አልነበረም። ጎማ ይፈነዳል፣ ድልድይ ይሰበራል፣ ሰው ወር ሙሉ ይዘገያል፤ ግን ይደርሳል። እሱ ራሱ ስንቴ ሞተ ተብሎ ደርሷል። እናቴ በዚህ ወሬ መሃል ገብታ አታውቅም። የወንድሜ ስም ሲነሳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም ሐዘን የጎዳት ነበር የሚመስለኝ።

የቢሮው ፍለጋ የሚካሄደው በአንዲት ትንሽ ፋይል ነው። ባች ፋይል ይሏታል። የጻፋት ፈረንጅ እኔ ከመግባቴ በፊት ወደ አገሩ ሄዷል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የፋይሏን ስም ትጽፋለህ፤ ከኋላዋ በመሃል ክፍተት እየተውህ ሦስት ስም ታስከትላለህ፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ፋይሏ ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብለው የተቆጠሩ ባዶ ቦታዎች አሉ። የጻፍኸው በየተራው እዚያ ይገባል፤ እሷም ያንን ይዛ መዝገቡን ትበረብራለች። ካገኘች ትጽፍልሃለች። ካላገኘች ግን ዝም ነው። "የለም" እንኳ አትልም። አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። እኔ ያቺን ሰረዝ የምጠላውን ያህል የጠላሁት ነገር የለም። ስንት እናት በሷ ምክንያት ከበረንዳው ተሰናብታለች!

ወንድሜን የፈለግሁት ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ነው። የሱን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጻፍሁ። ሰረዟ ብልጭ አለች። በማግሥቱም ደገምሁ፤ አዳዲስ ስም የያዘ ዲስኬት ከየክፍለ ሀገሩ በመጣ ቁጥርም ደገምሁ። በራሱ ስም ብቻ ስፈልግ ደግሞ ስሙ በየቤቱ ያለ ስለሆነ ስክሪኑ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ዓይኔ እስኪፈዝ አየሁት፤ ግማሹ ሳላነበው ያልፋል። ካነበብሁት ውስጥ ከአባቴ ስም ጋር አብሮ የቆመ አንድም አልነበረም።

አባቴ በጠዋት ከአቦ በኩል በእግሩ ይመጣል። ዘበኛው ወንበር ያወጣለታል። ቁጭ ብሎ ከበረንዳው ሰው ጋር ስለ መንገድ ያወራል፤ ልጆቻቸው የነበሩበትን ቦታ ሁሉ ከነመታጠፊያው ያውቀዋል። ለሻይ ስወጣ ቀና ብሎ "ዛሬስ?" ይለኛል። "ዛሬም የለም፣ አባዬ።" "አይዞሽ። መንገድ ላይ ነው።" እሱ እኔን አይዞሽ ሲለኝ ይበልጥ ይከፋኝ ነበር።

ፋይሏ እየዋሸችን መሆኑን ያወቅነው አንድ የተመለሰ ወታደር ቢሮ መጥቶ ነው። ሰውዬው ከተመዘገበ ቆይቷል፤ ቤተሰቡንም በራሱ ጊዜ አግኝቷል። "ስሜን አጥፉልኝ፣ ተገኝቻለሁ" ብሎ ነው የመጣው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ ስሙን ጽፎ ቁልፉን መታ። ሰረዟ ብልጭ ድርግም አለች። ደግሞ መታ፤ ያው ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ እኮ የሉም" አለው።

"ምን ማለትህ ነው? ይኸው ተቀምጬ?"

"እኔማ አያለሁ። እሷ ነች ያላየችዎት።"

ሰውዬው ሳቀ። እኛ ግን ተያየን። ካርቶኑን ስንፈትሽ ወረቀቱ አለ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ስናወርደው እሱም ውስጥ አለ። ስለዚህ በዚያች ሰረዝ ሸኝተናቸው የሄዱት ሰዎች ሁሉ... ቀሪውን ላስበው አልፈለግሁም።

መጀመሪያ የጠረጠርነው አጻጻፉን ነው፤ ያኔ የኛን ስም በላቲን ፊደል ስለምንጽፈው አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያደርገዋል። መዝገቡ ላይ ባለበት መልኩ ፊደል በፊደል ጻፍነው። የለም። ዲስኬቱን ጠረጠርን፤ በሌላ ቀየርነው። የለም። ማሽኑን ጠረጠርን፤ የሥራ ጓደኛዬ እንደ ራዲዮ በመዳፉ ጠፈጠፈው። በመጨረሻ ፋይሏን ከፍተን ከራስጌዋ አንድ መስመር ጨመርን። ከመፈለጓ በፊት ምን እንደ ደረሳት ቦታ በቦታ መልሳ እንድትጽፍልን ነው። እኛ የጻፍነውን እናውቃለን፤ እሷ እጅ የገባውን ግን አይተነው አናውቅም ነበር።

ያቺ መስመር ጉዳችንን አወጣችው። የሰውዬው አባት ስም በወልደ የሚጀምር፣ በሁለት ቃል የሚጻፍ ነው። መዝገቡ ላይ ተጣብቆ ሳለ፣ እኛ ልብ ሳንል ሁሌ እንደምንጽፈው በመሃሉ ክፍተት ትተን ነበር። ፋይሏ ደግሞ ክፍተት ባየች ቁጥር ሌላ ስም የመጣ ይመስላታል። ሁለተኛው ቦታ ላይ "ወልደ" ብቻውን ተጎልቷል። የስሙ ግማሽ የአያቱን ቦታ ይዟል። አያትዬው ደጅ ቀርተዋል። ያ ፈረንጅ በገብረ፣ በወልደ፣ በኃይለ ተጀምሮ በሁለት ቃል የሚያልቅ አንድ ስም አለ ብሎ ማን ነግሮት! ሁለቱን ቃል አጣብቀን ስንጽፈው ሰውዬው ከነክፍለ ጦሩ ወጣ።

እኔ ወንበሬን ገልብጬ ወደ በረንዳው ሮጥሁ። የአባቴ ስምም በወልደ ነው የሚጀምረው።

"ዓመት ሙሉ ግማሽ ስሜን ይዛችሁ ነው የምትፈልጉት?" አለኝ አባቴ፣ ነገሩን ስነግረው። ከዚያ ወንድሜ ከሄደ በኋላ አይቼው በማላውቀው ሳቅ ሳቀ። "እንዴት ይገኝ ታዲያ! እንዴት ይገኝ!" ለበረንዳው ሰው ሁሉ ነገረ። ዘበኛውን ልኮ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስመጣ። "የልጄ ነው፣ ጠጡ" ይላል።

ሳሎን አስገብተን ከኋላዬ አቆምነው። ስሞቹን ጻፍሁ፤ የአባቴን አጣብቄ። ፋይሏ የደረሳትን መልሳ ጻፈች። አባቴ የላቲን ፊደል አያነብም፤ የራሱን ስም ግን ከመንጃ ፈቃዱ ላይ በመልኩ ያውቀዋል። ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

"ይሄ እኔ ነኝ" አለ።

"አዎ።"

"ሙሉዬን ነኝ?"

"ሙሉህን ነህ አባዬ።"

ከሥሩ ያለችው ሰረዝ ብልጭ ድርግም አለች። ሌላ ነገር አልወጣም። ጓደኛዬ ወዲያ ዞሮ ያልነበረ ወረቀት ይፈልግ ጀመር።

በቀጣዮቹ ቀናት ከዚህ ቀደም የሸኘናቸውን፣ ስማቸው በሁለት ቃል የሚጻፈውን ሁሉ እንደገና ፈለግን። ተገኙ። ሁሉም በሕይወት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ግን አሉ። በረንዳው ላይ እልልታ ሆነ። አንዲት እናት ጉልበቴን ስመው አልለቅ አሉኝ። እኔ ግን ቀናሁባቸው። ክፉኛ ቀናሁ። የኛን ልጅ ፍለጋ ያገኘነው ብልሃት የሰውን ልጅ ሁሉ አስገኝቶ የኛውን መተዉ አንገበገበኝ።

አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ይባስ ብሎ የነገሩ ባለሙያ ሆነ። "የደረሳትን አይተሻል?" ይለኛል፣ ልክ ረዳቱን ዘይት አይተሃል ወይ እንደሚለው። አይቻለሁ እለዋለሁ። "ሁለተኛው ላይ አለሁ?" አለህ። "እንግዲያው እሷ ጋ ስህተት የለም?" የለም አባዬ፤ የነገርናትን ነው የምትፈልገው። ይህንን እኔው ነኝ የነገርሁት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ተነጫነጭሁ። አባቴ ወጥቷል። ስለ ሥራዬ ለእናቴ አውርቼላት አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን አንጀቴ አሮ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ፊደሉን አይተናል፣ ዲስኬቱን አይተናል፣ ማሽኑን አይተናል፣ የደረሳትን አይተናል። "ምንም ስህተት የላትም! ሌላ የምፈትሸው ነገር የለኝም፣ እማዬ። የነገርናት ካልተሳሳተ በቀር።"

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

"በአባትሽ ስም አትፈልጊው" አለች።

"በማን ልፈልገው ታዲያ?"

አንድ የማላውቀውን ሰው ስም ጠራች። ቀጥላ የዚያን ሰው አባት ስም ጠራች። ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። ወንድሜን የወለደው ሌላ ነው። ሰውዬው እርጉዝ እንዳለች ጥሏት ሄዶ በዚያው ሞቷል። አባቴ ሲያገባት ልጁ ጡት አልጣለም። አባቴ በራሱ ስም ጠራው፣ በራሱ ስም ትምህርት ቤት አስገባው፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አስማላት። እኔ ሳልወለድ ያለቀ ነገር ነው።

"ታዲያ እሱ በምን አወቀ?"

"እኔ ነገርኩት። ሊወስዱት የመጡ ቀን። ወደ ሞት የሚሄድ ልጅ ማን እንደ ወለደው ሳያውቅ አይሂድ ብዬ።"

"ምን አለ?"

"እሺ እማዬ ነው ያለኝ። ሌላ ምንም።" ከዚያ ቀሚሴን ያዘች። "አባትሽ እንዳይሰማ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እንዳይሰማ።"

ተናደድሁባት። አባቴ ስንት ጠዋት ያንን መንገድ በእግሩ ሲመላለስ እያየች ዝም ማለቷ አቃጠለኝ። ፊቷን ሳየው ግን ንዴቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከአባቴ እኩል ልጇን ስትጠብቅ ኖራለች፤ ልዩነቱ እሷ በአባቴ ስም እንደማይመጣ ስትጠረጥር መኖሯ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ጻፍሁት። የወንድሜን ስም፣ ከዚያ የዚያን ሰው፣ ከዚያ የዚያን ሰው አባት። ፋይሏ የደረሳትን መልሳ አሳየችኝ፤ አባቴ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ከሥሩ መስመሩ ወጣ። የትውልድ ቦታ አዲስ አበባ። የእናት ስም፣ የእናቴ ሙሉ ስም። ክፍለ ጦሩ። መጨረሻ ላይ በየቀኑ የማያትና ለሌላ ሰው ስተረጉማት የኖርኋት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረች፦ ሞቷል። በራሱ ስም ብቻ ስፈልግ ከወረዱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር ማለት ነው። ስንት ጊዜ ከፊቴ አልፏል። ጓደኛዬ ከትከሻዬ በላይ አነበበና ሄዶ የሳሎኑን በር ዘጋ። ያን ቀን አልቀለደም።

በኛ አገር ሞት እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። እኔ ልጅ ነኝ፤ መርዶ የማርዳት እኔ አይደለሁም። በምሳ ሰዓት የእድራችንን ዳኛ ቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው። ሽማግሌ ይዘው በነጋታው ጎህ ሲቀድ እንደሚመጡ፣ እስከዚያ አፌን እንድይዝ መከሩኝ። የተገኘበትን ስም አልነገርኋቸውም።

ማታ እራት ላይ አባቴ እንደ ወትሮው "ዛሬስ?" አለኝ።

"ዛሬም የለም።"

"ነገ ይገኛል። እሷም ተስተካክላለች፣ እኔም ሙሉዬን አለሁ" ብሎ ጎረሰ። እናቴ ፊቴን አየችው። ገና ከበር ስገባ አውቃው ነበር። ተነሥታ ውሃ ቀዳችለት፤ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አባቴ አይዞሽ አላት።

መርዶው በወጉ ተረዳ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰፈሩ መጣ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንድሜን በአባቴ ስም ጠርቶ አለቀሰ። አባቴ ከሾፌር ጓደኞቹ መሃል ደረቅ ብሎ ተቀምጦ ዋለ። እንባ ያጣ አይመስልም፤ የሆነ ነገር የሚያሰላ ነው የሚመስለው። ድንኳኑ በፈረሰ ዕለት እናቴ ባለችበት ጠራኝ።

"በማን ስም አገኘሽው?"

"አባዬ..."

"በኔ አይደለም። በኔ ስትፈልጊው ከኋላሽ ቆሜ አይቻለሁ። እሷ የነገሯትን ነው የምትፈልገው ብለሽኛል። ምን ነገርሻት?"

ልዋሸው ነበር። ዲስኬቱ ተበላሽቶ ነው፣ አዲስ ዝርዝር መጥቶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን የፈታሁትን ሁሉ አብሮኝ ፈትቷል፤ የተውኩለት የማያውቀው ቀዳዳ አልነበረም። ስሙን ነገርሁት። ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፣ ቀድሞ የጠረጠረውን አድራሻ እንደነገሩት ሰው። ወደ እናቴ ዞረ። አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻል ነበር እስክል ድረስ ቀስ ብሎ ነው የጠየቃት።

"መቼ ነገርሽው?"

"የሄደ ዕለት።"

"በሩ ላይ አቅፎኝ ነበር። አንገቴን ይዞ አልለቅ ብሎኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? ያ ከነገርሽው በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

 እናቴ አላስታወሰችም። ያን ቀን ወታደሮቹ ደጅ ቆመው ነበር፣ ቤቱ ተተራምሶ ነበር። እኔም ለማስታወስ ሞከርሁ፤ የሚታየኝ ሹራቡ ብቻ ነው።  አባቴ ከዚያ በኋላም በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ቃል ደጋግሞ ጠየቀን። መልሱን ዛሬም አናውቀውም። ወንድሜ ለምን እንዲያ ብሎ እንደተመዘገበ፣ ጠልቶት ይሁን፣ የወለደውን አንድ ቀን እንኳ በስሙ ሊጠራበት ፈልጎ ይሁን፣ ያንንም አናውቅም። የምንጠይቀው ሰው የለም።

ለአርባው ተዝካር አባቴና እኔ የልጁን ስም ለማስመዝገብ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መንገድ ላይ ከመኪና እየሸሸን ስንሄድ እንዲህ አለኝ፦ "የአባቱን ስም ሲጠይቁኝ የሰውዬውን ነው የምሰጣቸው።"

"አባዬ፣ ተው እንጂ።"

"እሱ የመረጠው ነው። በሕይወቱ እንዳጣነው በጸሎቱ ደግሞ ልናጣው ነው? ስሙ ከተሳሳተ አይገኝም።" ከዚያ ያንን የማያውቀውን ሰው ስም እየተራመደ በለሆሳስ ይለማመደው ጀመር። አፉ አልታዘዝ እያለው ደጋግሞ ይጠራዋል። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ከጎኑ ሄድሁ።

ቄሱ ከበሩ አጠገብ ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል። "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉት። አባቴ ነገራቸው። ጻፉና "እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር" ብለው ከኋላችን ያለውን ሰው ቀና ብለው አዩ። አባቴ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

"ጨርሰናል እኮ" አሉት ቄሱ።

"የአባቱንስ አይጠይቁኝም?"

"ለጸሎት የአባት ስም አይጠራም። በክርስትና ስሙ ብቻ ነው። ይበቃል።"

 አባቴ ወደ አጥሩ ሄደና ግንቡ ላይ ተቀመጠ። በለቅሶው ሰሞን ያልወጣው እንባ እዚያ ወጣ፤ አባቴን ጮክ ብሎ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ትከሻውን ያዝሁት።

"ቦታዬን ለሰውዬው ልለቅለት እኮ ተዘጋጅቼ ነበር" አለኝ።